ሽማግሌዎች የፈረዱበት ዲስክ

ጓደኛዬ ያንን አሮጌ ሰርቨር ገዝቶ ሱቁ ያስገባ ዕለት ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ አውሮፕላን ያረፈ ነበር የመሰለው። አላጋነንኩም። እሺ፣ ትንሽ አጋንኛለሁ፤ ግን ማብሪያውን ስንጫነው ማራገቢያዎቹ ሁሉ ባንዴ ተነሥተው ሲያጓሩ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰጣ ብርድ ልብስ በነፋሱ ደረቀ ብለው የሚምሉልኝ ሰዎች አሉ። ብዙም ሳይቆይ አንዲት ሴትዮ ማዳበሪያ ሙሉ ጤፍ አሸክመው በሩ ላይ ቆሙ።

«እሰይ፣ ወፍጮ ቤት ከፈታችሁልን» አሉ። «እንግዲህ ሰንጋ ተራን ማቋረጥ ቀረልኝ።»

ጓደኛዬ ሱቁ ቪዲዮ ቤት መሆኑን ሊያስረዳቸው አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። «ዛሬ ሙከራ ላይ ነን እናቴ። መጀመሪያ የሽሮ ነው የምንፈጨው፤ ጤፉን ሰኞ ይዘው ብቅ ይበሉ።»

ሰኞ ይዘው ብቅ ብለዋል። ጓደኛዬ ለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ይቅር አላለኝም።

እኔ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ነው የምሠራው። እንጀራዬ፣ ሰው «ኮምፒውተሬ እምቢ አለኝ» ሲለኝ አጥፍቶ ማብራት ነው። ጓደኛዬ ደግሞ አብሮኝ የተማረ፣ ሰርግ በመቅረጽ የሚኖር ሰው ነው። ከሜክሲኮ እስከ ልደታ ማርያም ድረስ ካሉት ባለትዳሮች ግማሹን ያጋባው እሱ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም፤ «ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ በሉ» የሚለውን ድምፁን ሳይሰሙ የተጋቡ ካሉ በድብቅ የተጋቡ ናቸው።

አንድ ክፉ ልማድ ነበረበት። የቀረጻቸውን ሰርጎች ትንንሽ ዲስኮች ላይ ይገለብጥና መደርደሪያ ላይ እንደ አምባሻ ይደራርባቸዋል። ለአንድ ሰርግ አንድ ቅጂ ብቻ። አምና አንዷ ዲስክ ከመደርደሪያው ወደቀችና አንድ ሙሉ ሰርግ ይዛ ሞተች። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ላኩበት። በሽማግሌዎቹ ፍርድ ሙሽሮቹ እንደገና ለበሱ፣ ሚዜዎቹ እንደገና ተጠሩ፣ ሰርጉ እንደገና ተቀረጸ። ሙሽራዋ ያኔ ሆዷ ገፍቶ ስለነበር ከአንገት በላይ ብቻ ነው ያነሣት። ቪዲዮውን ያየ ሰው ሙሽራው ያገባው ጉርድ ፎቶ ነው እንዴ ይላል። ከዚያ ወዲህ ሠፈርተኛው «ሰርግ አጥፊው» ይለው ጀመር፤ ደንበኛም ሳሳ።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የእድራችን ዳኛ የመጨረሻ ልጃቸውን ድረው ቀረጻውን ለሱ የሰጡት። ዳኛው ጡረታ ቢወጡም ዛሬም ክራባት ሳያስሩ ዳቦ ለመግዛት የማይወርዱ፣ ሠፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። እሳቸው አምነው ከሰጡት ሌላውም ይመለሳል። ቪዲዮው እሑድ፣ ለቅልቅሉ፣ በአማቾቻቸው ፊት ሊታይ ቀጠሮ ተይዞለታል።

ያ ሰርግ ያለው አንዲት ትንሽ ዲስክ ላይ ነበር። ዓርብ ጠዋት ዲስኳ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» ማለት ጀመረች።

ደውሎ ያሰማኝ በስልክ ነው። «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«ኑዛዜ ነው» አልኩት። «ቶሎ ንቀላት፤ እስክመጣ እንዳትነካት።»

ስደርስ ዲስኳን በአንገት ልብሱ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስተኝቷታል። የካሜራዎቹን ካርዶች ለሌላ ሰርግ ብሎ አጥፍቷቸዋል። ላፕቶፑም እስከ አፍንጫው ሞልቷል። «ይቺ ከጠፋች» አለኝ፣ «እኔ ልደታ ውስጥ ካሜራ ይዤ አልወጣም። ሱቁን ለፀጉር ቤት አከራየዋለሁ።» ስንተዋወቅ ስንት ዘመናችን ነው፤ እየቀለደ ሲያወራና የምሩን ሲያወራ እለያለሁ። ይኼ የምሩን ነበር።

እንዲህ ዓይነት ዲስክ ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያስነብበው። ስለዚህ ሰርጉን የምንገለብጠው አንድ ጊዜ፣ ለዘለቄታው ወደሚቀመጥበት ቦታ መሆን አለበት። ሰርቨሩን የገዛውም ለዚሁ ነበር፤ ስምንት ትልልቅ ዲስኮች ሆዱ ውስጥ አሉ። ግን እንዲሁ ተሰክተው አይሠሩም። በማስተዳደሪያው ሶፍትዌር አስተባብሮ፣ ለኮምፒውተሩ አንድ ትልቅ ዲስክ አስመስሎ ማቅረብ ያስፈልጋል። ይህንን አንድ የሚመስል ነገር ባለሙያዎቹ ቨርቹዋል ድራይቭ ይሉታል። በዓይን የማይታይ፣ በእጅ የማይጨበጥ ዲስክ ነው፤ ለነጋዴ ማስረዳት ይከብዳል።

ሶፍትዌሩን ስከፍተው ስምንቱ ዲስኮች እንደ ተሰለፈ ተማሪ ተደርድረው ብቅ አሉ። በእያንዳንዱ ጎን ባዕድ ነው የሚል ምልክት አለ። ያገለገሉ ዕቃዎች ስለሆኑ የድሮ ቤታቸውን አሠራር አልረሱም።

«ምን ሆኑ?» አለ ጓደኛዬ።

«የቀድሞ ባላቸውን ያስባሉ። ቆይ፣ ላፋታቸው።»

የድሮውን አሠራር ሰርዤ አዲስ ቨርቹዋል ድራይቭ ፍጠር የሚለውን ተጫንኩ። ሶፍትዌሩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ በየትኛው ደረጃ ይሁን? ደረጃ ዜሮ ከሆነ የስምንቱም ቦታ ሙሉ በሙሉ ያንተ ነው፤ አንዱ ዲስክ ከሞተ ግን ሁሉም አብሮ ይሞታል። ደረጃ ስድስት ከሆነ የሁለት ዲስክ ያህል ቦታ ለጥበቃ ይሄዳል፤ ሁለት ዲስክ ቢሞትም ምንም አይጠፋም። ስድስትን መረጥኩ። ሶፍትዌሩ ጠቅላላ ቦታውን አሳየ። ጓደኛዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፣ በጣቱ ቆጠረ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

«የገዛሁት ስምንት ነው።»

«ስምንት ነው።»

«ይኼ የስድስት ነው።»

«ሁለቱ ለጥበቃ ነው።»

«የትኞቹ ሁለቱ? አሳየኝ።»

«የትኞቹም አይደሉም። ከሁሉም ላይ ትንሽ ትንሽ ተቆንጥሮ ነው።»

ይህን ባልል ይሻል ነበር። አባቱ መርካቶ ጨርቅ ሲለኩ ያደገ ሰው ነው፤ ቆንጥሮ የሚለው ቃል ደሙን ያፈላዋል። «ታዲያ ሁለት ሰርቀህ ቢሆን በማርኩህ» አለኝ። «አንተ ከስምንቱም ነው የሰረቅከው። ዜሮ አድርገው።»

«ዜሮ አላደርገውም።»

«ዲስኩ የኔ ነው፣ ሰርጉ የኔ ነው፣ ሱቁ የኔ ነው። አንተ ምንህ ነው?»

«ጣቱ የኔ ነው» አልኩትና እጄን ኪሴ ከተትኩ። ራሱ ሊጫን ኪቦርዱን ሳበ፤ እኔም ሳብኩ። ሁለት የሸበቱ ሰዎች ኪቦርድ ስንጓተት በመስታወቱ ያየን አላፊ አግዳሚ ክራር የምንቃኝ ሳይመስለው አልቀረም። አንድ ቁልፍ ተነቅሎ ጠረጴዛ ሥር ሲገባ ሁለታችንም አቆምን።

«በሽማግሌ እንየው» አለ።

የኛ ግቢ ሰው ሁሉን ነገር በሽማግሌ ነው የሚያየው። ከላይ ፎቅ የሚንጠባጠብ ባልዲ በሽማግሌ ነው የሚታየው፤ የሰው መስኮት የጋረደ ዲሽ በሽማግሌ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ነገሩ አላስገረመኝም፤ ሽማግሌዎቹም ዓርብ ከሰዓት እድር ቤት ይቀመጣሉ። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው ሁለታችንም ባንዴ ቀጥ ያልነው። ሰብሳቢው ዳኛው ናቸው። የሙሽራዋ አባት።

«ምን ሊቀመጥበት ነው ካሉን?» አለ ጓደኛዬ።

«ሰርግ በል።»

«የማን ካሉ?»

«የሰው ነው በል።»

መመለስ ይቻል ነበር። ግን እሱ ስምንት ዲስኩን፣ እኔ ክብሬን ይዘን መመለስ አልሆነልንም።

እድር ቤቱ ውስጥ፣ በተጣጠፈው ድንኳን አጠገብ ሦስቱ ተቀምጠዋል። መሃል ዳኛው፣ በቀኛቸው ጨርቅ ሻጩ ሐጂ፣ በግራቸው ገንዘብ ያዧ እትዬ። እትዬ ብዙ አይናገሩም፤ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ካዩህ ግን ያልሠራኸውንም ታምናለህ።

«ከሳሽ ማነው?» አሉ ዳኛው።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ስምንት ዲስክ ባስረክበው ስድስት አደረጋቸው።»

«ሁለቱን የት አደረስካቸው?» አሉኝ።

«እዚያው አሉ ጋሼ።»

«ካሉ ምን ጎደለ?»

«ቦታቸው።»

ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «ጨርቅ ሲታጠብ እንደሚያጥረው ዓይነት ነው?»

«ወደዚያ ነው ሐጂ።»

«እንግዲያ ሳይታጠብ ይሸጥ» አሉ ሐጂ፤ ጓደኛዬ በደስታ ራሱን ነቀነቀ።

ነገሩ ሊያመልጠኝ ሲል ቶሎ ብዬ ወደ ዳኛው ዞርኩ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚመሩት ነገር ነው እኮ። ዲስኮቹ እድር ይገባሉ። እያንዳንዱ ካለው ላይ ያዋጣል፤ አንዱ ሲሞት የቀሩት የሱን ድርሻ ይሸፍናሉ። እሱ መዋጮ አልከፍልም፣ ድንኳኑ ግን ይተከልልኝ ነው የሚለው።»

ዳኛው ክራባታቸውን አስተካከሉ። እድር ውስጥ ሳይከፍሉ ድንኳን የሚጠይቁ ሰዎች ለሃያ ዓመት ያንገበገቧቸው ሰው ናቸው። ጓደኛዬም ቀላል ሰው አይደለም። «ጋሼ» አለ፣ «መዋጮ አልጠላሁም። እሱ ግን ሁለት ሰው ባንድ ቀን ይሞታል እያለ ነው የሚያስከፍለኝ። ይኼ ጥበቃ ሳይሆን ሟርት ነው።»

ሦስቱ አንገታቸውን ገጥመው ተንሾካሾኩ። ከዚያ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«አንተ ምንም አይቀነስ ትላለህ። አንተ ሁለት ይቀነስ ትላለህ። አንድ ይሁን። ተነሡና ተሳሳሙ።»

ተነሥተን ተሳሳምን። ልብ በሉ፤ የአንድ ዲስክ ያህል ቦታ ለጥበቃ የሚተውበት አሠራር አለ፤ ደረጃ አምስት ይባላል። የውጭ አገር ኢንጂነሮች ፀጉራቸው እስኪረግፍ አስበው የደረሱበትን ነገር የኛ ሽማግሌዎች ሁለት ጅሎች ለማስታረቅ ሲሉ አገኙት።

ልንወጣ ስንል ዳኛው ጠሩን። «ለመሆኑ ምን ሊቀመጥበት ነው?»

ጓደኛዬ ጣራውን ማየት ጀመረ። «ሰርግ ነው ጋሼ» አልኩ።

«የማን?»

«የሰው» አልን ሁለታችንም ባንድ አፍ።

እትዬ በመነጽራቸው ላይ አዩን።  እኔም እስከ በሩ ድረስ ጀርባዬ ሲሞቀኝ ታወቀኝ።

«የኔ ልጅስ ለእሑድ ይደርሳል?» አሉ ዳኛው ከኋላችን።

«ደርሷል ይበሉት» አለ ጓደኛዬ። ድምፁ የተነዳ ፍየል ድምፅ ነበር።

ሱቅ ተመልሰን ደረጃ አምስትን መረጥኩ፣ ስምንቱን ዲስኮች ወደ አንድ ቡድን አስገባሁ። ሶፍትዌሩ ደግሞ ጠየቀ፤ ዝግጅቱ ፈጣን ይሁን ወይስ ሙሉ?

«ፈጣን እያለ ሙሉ ማን ይመርጣል?» አለ ጓደኛዬ።

«ፈጣኑ ፊትን ብቻ ታጥቦ ሰርግ መሄድ ነው። ሙሉው እያንዳንዷን ጥግ ያጸዳል። ያገለገለ ዕቃ ነው የገዛኸው፤ ይታጠብ።»

ሶፍትዌሩ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ። ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ ሄዶ መሳቢያዋን ከፈተ፤ ትንሿ ዲስክ በአንገት ልብሱ ውስጥ መኖሯን በእጁ ዳስሶ ተመለሰ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና «ተጫነው» አለኝ። ተጫንኩት። ሥራው እስከ ማግስቱ ነው የሚፈጀው። ሰርቨሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያደረ ይመስለኛል፤ ጠዋት ስመጣ የላይኛው ፎቅ ሰዎች ሰላምታዬን አልመለሱም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቨርቹዋል ድራይቩ አረንጓዴ ሆኖ ደኅና ነኝ አለ። ዲስኳን ከአንገት ልብሱ አውጥተን ሰካናት። «ጠቅ» አለች፤ ከዚያ ተነበበች። ሙሉው ቀረጻም፣ ተቀናብሮ ያለቀው ቪዲዮም ውስጧ አለ። መገልበጥ ጀመርን። የተገለበጠውን መጠን የምታሳየው አረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ እንደ እርጉዝ ኤሊ ትሄዳለች። ጓደኛዬ ትንፋሹን ይዞ ነው የሚያያት፤ እየገፋት ይመስል ትከሻው አብሮ ይሄዳል።

ግማሽ መንገድ ላይ ሰርቨሩ ጮኸ። ጮኸ ስል የምሬን ነው፤ ማጓራቱን ረስቶ፣ ጆሮ የሚበሳ ቀጭን ጩኸት ደጋግሞ ለቀቀ። ከስምንቱ ዲስኮች አንዱ ስክሪኑ ላይ ቀይ ሆነ።

ጓደኛዬ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። «አለቀልኝ።»

«ቆይ» አልኩት። ወደ መስመሯ አየሁ። ትሄዳለች። ድራይቩ ተጎድቻለሁ ይላል፤ ግን ይሠራል። «ቆይ፣ እየሄደ ነው። ሰባቱ ይዘውታል።»

በዚህ ጊዜ ነው በሩ የተከፈተው። ዳኛው ናቸው፤ ቪዲዮውን ሊጠይቁ ሲመጡ ጩኸቱ ቀድሞ ተቀበላቸው።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?»

 «ጋሼ፣ አንድ ዲስክ ሞቶ ነው» አልኩ።

ከልማድ የተነሣ ይመስለኛል ባርኔጣቸውን አወለቁ። «የቀሩትስ?»

«ሸፍነውለታል።»

«እንግዲያ እድሩ ሠርቷል» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ አረፈ። የሚገለበጠው ነገር ስም ከመስመሯ በላይ ተጽፏል፤ የልጃቸው ስም ከሙሽራው ስም ጋር። መነጽራቸውን አወጡ፣ አነበቡ፣ መነጽራቸውን መለሱ።

«ትናንት የሰው ያላችሁት ሰው እኔ ነኝ?»

«እርስዎም ሰው ነዎት ጋሼ» አልኩ። በሕይወቴ ካወራኋቸው ቀልዶች ማንም ያልሳቀበት ይኼ ነው።

«አሁን ሌላ አንድ ቢሞትስ?»

ዋሽቼ ላሳልፈው እችል ነበር። «ያኔ ሁሉም ይሄዳል» አልኩ።

 ጩኸቱን የሚያጠፋ ትእዛዝ ሶፍትዌሩ ውስጥ አለ፤ ግን ምንም ለመንካት እጄ እምቢ አለኝ። ሦስታችን እንደ ተከሳሽ ተደርድረን መስመሯን አየን። ዳኛው በከንፈራቸው ልደታን ይለማመናሉ። ጓደኛዬ ቪዲዮው ከተረፈ በቁመቱ ልክ ጧፍ አስገባለሁ ብሎ ተሳለ። እኔም ተሳልኩ፤ ከዚያ እሱ አጭር፣ እኔ ረጅም መሆኔ ትዝ አለኝ፤ ስለት ላይ መከራከር ስለሚያስፈራ ተውኩት።

መስመሯ ጫፍ ደረሰች። ፋይሉን ከፍቼ አየሁት፣ ሙሉ ነው። ትንሿ ዲስክ አንድ ጊዜ ጠቅ አለች፤ ከዚያ ወዲያ ሰክተን ነቅለን፣ ለምነን ተማጽነን አልተነሣችም።

ጩኸቱን አጠፋሁት። ጓደኛዬ ከወለሉ ተነሣ፤ ከፊቱ የሸሸው ደም ሲመለስ ይታያል። «ሁለት አድርገው» አለኝ። «ሦስት አይቻልም? ሁሉም ጠባቂ ይሁኑ።»

«ሁሉም ከጠበቁ የሚጠበቀው የት ይቀመጣል?»

«እሱን በኋላ እናስብበታለን።»

«ሁለት ይሁን» አሉ ዳኛው። «የትናንቱን ፍርድ ራሴ ሽሬዋለሁ። እናንተ ደግሞ፣ ዳኛን ዓይኑን ሸፍናችሁ በገዛ ልጁ ላይ ስላስፈረዳችሁ፣ ነገ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች እስከ ቤቴ ድረስ ትሸከማላችሁ።» ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ይሁን ብለን ተቀበልን።

ጓደኛዬ ያኔውኑ ሜክሲኮ ሮጦ በሞተው ምትክ አዲስ ዲስክ አመጣ። ሰካሁት፤ ሰባቱ ለአዲሱ የሟቹን ድርሻ እያስታወሱ ይጽፉለት ጀመር። ያ ሲያልቅ ደረጃውን ወደ ስድስት ልለውጠው ተስማማን።

እስከዚያው ቪዲዮውን እንይ ተባለ። ሙሽራዋ ገባች፣ ኬኩ ተቆረጠ፣ አማቾች ተቃቀፉ። ከዚያ ጭፈራው መጣ። ዳኛው ክራባታቸውን እንዳሰሩ መሃል ገብተው ትከሻቸውን ሲያንቀጠቅጡት፣ እኔ እንዲህ ያለ ትከሻ በአገሬ ላይ አይቼ አላውቅም። አማትየው እልል አሉ። ዳኛው ባሰባቸው። ወደ ታች ወርደው ሲነሡ ቀበቷቸው ፈታ አለ፤ ሱሪው ትንሽ ወረደ፤ አንድ እጅ ሱሪውን፣ አንድ እጅ ጭፈራውን ይዞ ቀጠለ። በዚያች ቅጽበት ጓደኛዬ ምን የመሰለ ባለሙያ መሆኑን አሳይቷል፤ ካሜራውን አቅርቧል።

ዳኛው ተነሥተው በሩን ዘጉ። ተመልሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይቺ ቦታ… መጥፋት አትችልም?»

ከሰዓት በፊት ወለል ላይ ተቀምጦ የነበረው ጓደኛዬ ቀና ብሎ ደረቱን ነፋ። «የለም ጋሼ። አሁን እኔ ጋ ምንም ነገር አይጠፋም።»

ሳቄን ለመደበቅ ጠረጴዛ ሥር የወደቀውን የኪቦርድ ቁልፍ ፍለጋ ገባሁ። ስወጣ ዳኛው ራሳቸው እየሳቁ ነበር፤ በመሐረባቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። ጓደኛዬም አዘነላቸውና እሑድ ለአማቾች ከሚታየው ላይ ያቺን ቦታ ቆረጠላቸው። ሙሉው ቀረጻ ግን ሳይነካ፣ ሁለት ዲስክ ቢሞትም እንዳይጠፋ ሆኖ እዚያው ሰርቨር ውስጥ አለ።

እሑድ ወንበሩን ተሸክመን ወጣን። ከዚያ ወዲህ ዳኛው በሱቁ በኩል ሲያልፉ ቆም ይሉና «ዲስኮቹ ደኅና ናቸው?» ይሉኛል። «ሁሉም በጤና ናቸው ጋሼ» ስላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ያልፋሉ። ግን በደንብ አይቻቸዋለሁ፤ ሲያልፉ ቀበቷቸውን ከፍ ያደርጋሉ።